ከሰሌን እስከ ስጋጃ፤ በዲቾቶ መንገድ ስለሚገኝ የቤት ንጣፍ ታሪክ

በ1841 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ፣ የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ፣ የአፋርን ምድር አቋርጦና አዋሽን ተሻግሮ ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ይዞት ከመጣው ገጸ በረከት መካከል የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚያነሡት የጦር መሣሪያውን ነው። ሐሪስ ራሱ ግን የዚያን ቀን ነገር በጻፈበት መጽሐፉ፣ የሁሉን ዓይን ከሳቡት ዕቃዎች አንዱ የአዳራሹን ወለል ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ የብሩክሴል ምንጣፍ እንደ ነበረ ይተርካል። የብሩክሴል ምንጣፍ ማለት የሽመና ዐይነት ስም ነው እንጂ የግድ ከዚያ ከተማ የመጣ ማለት አይደለም፤ በዚያ ዘመን በብዛት የሚሠራው በእንግሊዝ አገር፣ በኪደርሚንስተርና በዊልተን ነበርና።

ይህ ምንጣፍ ከንጉሡ አዳራሽ ከመነጠፉ አስቀድሞ ተጠቅልሎ ለሳምንታት በግመል ጀርባ ተጉዟል። ያለፈበት አገር ሕዝብ ደግሞ የሚቀመጥበትን፣ የሚተኛበትንና የሚጠለልበትን ንጣፍ በገዛ እጁ ሠርቶ፣ እሱንም እንደዚሁ ጠቅልሎ በግመል የሚያጓጉዝ ሕዝብ ነው። ለንጉሥ የተላከው ምንጣፍ በመጽሐፍ ተጻፈለት፤ በመንገዱ ዳር የነበረው ንጣፍ ግን ታሪክ እንዳለው ዕቃ የቈጠረው ሰው እምብዛም የለም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ሁለቱን ጐን ለጐን አንጥፎ ማየት ነው።

አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ይገባል። «ምንጣፍ» አነጠፈ ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ወለል ላይ ለሚዘረጋ ነገር ሁሉ የሚስማማ ሰፊ ስም ነው። «ስጋጃ» የሚባለው ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ወይም በዚያ አምሳል የተሠራው ጠጕራም ምንጣፍ ነው። ቃሉ የጸሎት ምንጣፍ ከሚጠራበት ከዐረብኛው «ሰጃዳ» ጋር የሚዛመድ ይመስለኛል፤ እንዲህ ከሆነም ከግእዙ «ሰገደ» ጋር በሥሩ ይገናኛል ማለት ነው። «ሰሌን» በዘንባባ ቅጠል የሚታታው ሲሆን፣ ደገኛው ከመኝታውና ከመቀመጫው ሌላ ሬሳ ይከፍንበት እንደ ነበረ የታወቀ ነው።

በደጋው አገር ወለል ላይ የሚነጠፈው ነገር ማዕርግን ይናገር ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በቈየበት ጊዜ በዐፄ ልብነ ድንግል ድንኳን የተነጠፉ ስጋጃዎችን አይቶ ጽፏል። በመኳንንቱ ቤት ስጋጃ፣ በባላገሩ ቤት ቁርበትና አጎዛ፣ በበዓል ቀን ደግሞ በሀብታሙም በድኻውም ቤት ለምለም ቄጠማ ይነጠፋል። የመንዝ ሰው የበጉን ጠጕር ፈትሎ ባናና ዝተት ይሠራል፤ ነገር ግን እነዚህ ከብርድ መከላከያ ልብሶች ናቸው እንጂ ስለ ወለሉ የታሰቡ አይደሉም። ስጋጃ ጫማ ወልቆ የሚረገጥበት ዋና ስፍራ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሆኖ ኖረ፤ በተራው ሰው ቤት የገባው በቅርብ ዘመን ነው።

ወደ አዋሽ ሸለቆ ስንወርድ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የአፋር አርብቶ አደር ቤት፣ ዓሪ ወይም ደቦይታ የሚባለው፣ ከጐበጠ እንጨት የተሠራ አጥንትና በላዩ የሚለብስ ሰሌን ነው። እንግዲህ በዚህ ቤት ግድግዳ፣ ጣራና ወለል በባሕርያቸው አይለያዩም፤ ያው ሰሌን ቢቆም ግድግዳ፣ ቢጐብጥ ጣራ፣ ቢነጠፍ መኝታ ይሆናል። ቤቱን የምትሠራው፣ የምታፈርሰው፣ በግመል ጭና በሌላው ሰፈር መልሳ የምታቆመው ሴቲቱ ናት። ስለዚህ ስለ ሰሌን የሚያወራ ሰው ሳያውቀው ስለ ቤት ባለቤትነት ያወራል። አንዳንድ የአውሮፓ መንገደኞች በአፋር ቤት «አንዳች የቤት ዕቃ የለም» ብለው የጻፉት፣ የቤት ዕቃው ቤቱ ራሱ መሆኑን ስላልተረዱት ነው፤ ይህን ስሕተት እኛም በትምህርት ቤት መጻሕፍታችን ስንደግመው መኖራችን ያሳዝናል።

ሰሌኑ የሚሠራው አፋሮች ኡንጋ ከሚሉት ከዱም ዘንባባ ነው። ገና ያልተዘረጋው ለጋ ቅጠል ይቈረጣል፤ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም እንደ ጠፍር በቀጭኑ ይታታል፤ ጠፍሮቹም ዳር ለዳር እየተሰፉ የተፈለገውን ስፋት ይሰጣሉ። የዚህ አሠራር ጥቅም በመጠገኑ ይታያል። አንዱ ጠፍር ሲያልቅ ስፌቱ ተፈቶ እሱ ብቻ ይለወጣል እንጂ ሰሌኑ አይጣልም። ምርጫውም በዘፈቀደ አይደለም። ለጣራ የሚሆነው ጥቅጥቅ ብሎ የታታው ነው፤ ለመኝታ የሚሆነው ለስላሳው ነው፤ አሮጌው ከሥር፣ አዲሱ ከላይ ይነጠፋል። ርዝመቱ ደግሞ የሚለካው በክፍል ስፋት ሳይሆን ተጠቅልሎ በግመል ጐን ሲታሰር በሚኖረው መጠን ነው። የስጋጃ ነጋዴ አስቀድሞ «ክፍሉ ስንት በስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የዓሪ ባለቤት አስቀድማ የምታስበው ግመሉን ነው።

ስለ አየሩም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በዚያ ቆላ ሙቀቱ ከምድር ራሱ ይነሣል። የዘንባባ ሰሌን በጠፍሮቹ መካከል አየር ያሳልፋል፣ ላብ አይዝም፣ ሲያራግፉት አቧራው ወዲያው ይወርዳል። ጠጕሩ የረዘመ ስጋጃ ግን ለብርድ አገር ሰው የተፈጠረ ዕቃ ነው። በ1969 ዓ.ም. ሰርዶን ያፈረሰው የምድር መንቀጥቀጥም ሌላ ምስክር ነው። በዚያ አደጋ ሰው የሞተው የሚናድ ግንብ ስለ ነበረ ነው፤ ከሰሌን የተሠራ ቤት በላዩ ቢወድቅ ማን ይሞታል?

ስጋጃው በብዛት ወደዚህ አገር የገባው በመንገድ ነው። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የአዋሽ ከተማ በሐዲዱ ዳር በቀለች፤ የባሕር ማዶ ዕቃም በላይኛው አዋሽ በኩል ማለፍ ጀመረ። የታችኛው አዋሽ ተራ የደረሰው በኢጣልያ ወረራ ዘመን የአሰብ መንገድ ሲሠራ ነው። ዲቾቶም የዚህ መንገድ ልጅ ናት። በ1998 ዓ.ም. ጦርነቱ የአሰብን በር ሲዘጋው ጭነቱ ሁሉ በገላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የከባድ መኪናው ነጂ የሚያርፍባቸው የመንገድ ዳር ከተሞችም ገበያቸው ሰፋ። መቶ ስልሳ ያህል ዓመት ቀድሞ በግመል ጀርባ ያለፈው ምንጣፍ ዘመዶች አሁን በመኪና ተጭነው መጡ ብንል ያስኬዳል። ልዩነቱ የሐሪስ ምንጣፍ ዝም ብሎ አለፈ፤ እነዚህ ግን እዚያው ከመንገዱ ዳር ወርደው ቤት ገቡ።

በብሎኬትና በቆርቆሮ በተሠራው የከተማ ቤት ሦስት ዐይነት ንጣፍ ይታያል፤ በፋብሪካ የተሠራው ስጋጃ፣ የፕላስቲክ ምንጣፉና ሰሌኑ። ስጋጃው ለእንግዳ ክፍል ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ካልደረሰ እንደ ጐደለ ይቈጠራል፤ ትራስ በዙሪያው ተደርድሮ ሰው ጫማውን ከዳር አውልቆ ይቀመጥበታል። ለስግደት የሚሆነው ትንሹ ምንጣፍ ለብቻው ታጥፎ ይቀመጣል እንጂ ከመቀመጫው ጋር አይደባለቅም። ቀይና ቡናማ ቀለም የሚመረጠው ስለ ውበቱ ብቻ አይደለም፤ አቧራ የማያሳይ ስለ ሆነ ነው። አጭር ጠጕር ያለውን መግዛት ይሻላል የሚለው ምክርም በዚያ አየር እውነት ነው። ፕላስቲኩ በርካሽነቱና በውሃ በመታጠቡ ይወደዳል፤ ነገር ግን ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ አይጠገንም።

ሰሌኑ የሚሸነፈው በዋጋ ወይም በክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ለገበያ መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን ዘንባባው ራሱ ተጠቅቷል። ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ የቆቃ ግድብ የአዋሽን ጐርፍ ያዘ። በ1961 ዓ.ም. የተንዳሆ የጥጥ እርሻ ተቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመት የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተመሠረተ፤ የወንዙ ዳር መሬትም እየተመነጠረ ለእርሻ ዋለ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሸዋና ንፋስ ይከላከላል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃም ዛፍ ደግሞ ከተተከለበት ወጥቶ የግጦሹን ምድር ወረረ። በዚህ ላይ ከዱሙ ግንድ የሚያሰክር መጠጥ መቅዳት ዛፉን ያደክመዋል። ለጋ ቅጠል ፍለጋ ሩቅ የምትሄድ ሴት የፕላስቲኩን ጥቅል ብትገዛ ማን ይፈርድባታል? ልማት ተብሎ የተሠራው ሁሉ ክፉ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ጥጡ ብዙ ሰው አልብሷል። ይሁን እንጂ የጥጡ ሒሳብ ሲሰላ የሰሌኑ ኪሳራ በየትኛውም ዓምድ አልተጻፈም።

ለጥናት የሚወርዱ ተማሪዎች ሰሌን ሲያገኙ መጠኑንና መልኩን ብቻ መዝግበው ይመለሳሉ፤ ሙዚየምም የሚቀበለው እንዲሁ ነው። መመዝገብ ያለበት ግን የታታችው ሴት ከማን እንደ ተማረች፣ ቅጠሉ ከየት እንደ መጣ፣ የትኛው ጠፍር ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠና ሰሌኑ ስንት ሰፈር እንደ ተጓዘ ነው። ይህን የሚያስታውሱ እናቶች ዛሬም በዲቾቶና በአካባቢዋ አሉ። በብዙ ቤት ሰሌኑ አልተጣለም፤ ስጋጃው ከሲሚንቶው እንዳይነካካ ከሥሩ ተነጥፏል፤ ሌሊት ሙቀቱ ሲበረታ ስጋጃው ይነሣና ቤተ ሰቡ በሰሌኑ ላይ ይተኛል።