ምርኩዝና ማነቆ፦ ደካማ ዛፎችን በብረት የመደገፍ ጥበብና ወሰኑ

ትልቅ ዛፍ ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ከባላው ላይ ነው። ሁለት እኩያ ግንዶች ከአንድ ቦታ ተነሥተው ተጠጋግተው ሲያድጉ ቅርፊታቸው በመካከላቸው ይቀረቀራል፤ እንጨቱም እርስ በርሱ ሳይያያዝ ይቀራል። ግንዶቹ በወፈሩ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል፣ መጋጠሚያው ግን አይጠነክርም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፦ ጥሩ ድጋፍ ዛፉ ያቃተውን ጭነት ብቻ ተሸክሞ የቀረውን ለራሱ ለዛፉ ይተዋል።

ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው። የብረት ገመድ ሁለቱን ግንዶች ከላይ ያያይዛል፤ የሚታሰረውም በተለምዶ ከመጋጠሚያው እስከ ጫፍ ካለው ርቀት ሁለት ሦስተኛው አካባቢ ነው። ገመዱ ከባላው ሲርቅ በትንሽ ኃይል ብዙ ጭነት ይይዛል፤ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ግን የሚታሰርበት እንጨት ይቀጥናል። መሰንጠቅ የጀመረ ባላ ደግሞ ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ በውስጡ አልፎ በሮንዴላና በዳዶ ይጠበቃል። ወደ መሬት ያጎነበሰ ቅርንጫፍ ከሥሩ ምሰሶ ይቆምለታል።

ግንድን መብሳት ጭካኔ፣ በሽቦ መጠምጠም ደግሞ ርኅራኄ ይመስላል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቅጠል የሚያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በውስጠኛው ቅርፊት በኩል ስለሆነ፣ ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ይህን መንገድ አንቆ ይዘጋዋል። ጠባብ ቀዳዳን ግን ዛፉ ሊቋቋመው ይችላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ እንዳስረዱት፣ ዛፍ የቆሰለ እንጨቱን አያድነውም፤ ዙሪያውን አጥሮ ከጤናማው ይለየዋል።

እንቅስቃሴም ሊታሰብበት ይገባል። ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ ጫና በበዛበት በኩል እንጨት ይጨምራል። ፈጽሞ እንዳይነቃነቅ ከታሰረ ይህን የማጠናከሪያ ምክንያት ያጣል። ስለዚህ ላልተሰነጠቀ ዛፍ በመጠኑ የሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ገመድ ይመረጣል፤ ለተሰነጠቀው ግን እንቅስቃሴው ስንጥቁን ስለሚያሰፋ ብረት ያስፈልገዋል።

በእንግሊዝ የሸርዉድ ደን የሚገኘው ሜጀር ኦክ የተባለው ዛፍ የድጋፍን ጥቅምም ወሰንም ያሳያል። ስሙን ያገኘው በ1790 እ.ኤ.አ. ስለ አካባቢው ዛፎች ከጻፉት ከሻለቃ (በእንግሊዝኛ “ሜጀር”) ሄይማን ሩክ ነው። የግንዱ ዙሪያ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በ1908 እ.ኤ.አ. ሰንሰለት ታሰረለት፤ ኋላም ከባድ ቅርንጫፎቹ በምሰሶዎች ተደገፉ። ይሁንና የጎብኚዎች እግር አፈሩን ጠቅጥቆ ለሥሮቹ አየርና ውኃ ስላሳጣቸው፣ ዙሪያው በአጥር መከለል ነበረበት። ምሰሶ ቅርንጫፍን ያቆማል፤ ሥርን ግን አይመግብም።

ብረቱ ባለበት ይቆያል፤ ዛፉ ግን ያድጋል። ዛሬ በልክ የታሰረው ነገ ይጠብቃል፣ ወይም ይዝጋል። ስለዚህ ገመድ የሚያስር ባለሙያ ተመልሶ የመፈተሽ ግዴታም አብሮ ይገባል። ይህ ክትትል ሲቋረጥ ምርኩዝ የነበረው ማነቆ ይሆናል።