በፍርድ ቤት የተወሰነ የልጅ ቀለብ አሰባሰብና አከፋፈል

ቀለብ ለልጁ ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያ፣ ሕክምናና ትምህርት የሚውል ነው። በአማራ ክልል ጉዳዩ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ይመራል። ፍርድ ቤቱ መጠኑን የሚወስነው የልጁን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም መዝኖ ነው።

በሀገሪቱ ቀለብ ሰብስቦ የሚያከፋፍል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የለም። ስለዚህ ሐሙሲትና አካባቢዋን ጨምሮ በየትኛውም ስፍራ ክፍያው ሲቋረጥ ልጁን የሚያሳድገው ወገን ለፍርድ ቤት የአፈጻጸም ማመልከቻ ማቅረብ ይኖርበታል፤ ውሳኔው በራሱ ገንዘብ አያስገኝም።

ከፋዩ ደመወዝተኛ ከሆነ፦ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ አሠሪው ገንዘቡን በየወሩ ከደመወዙ ቀንሶ ለአሳዳጊው እንዲከፍል ይደረጋል።

ከፋዩ አርሶ አደር ወይም ነጋዴ ከሆነ፦ በፎገራ ሜዳ እንዳሉት ሩዝ አምራቾች ወርኃዊ ደመወዝ ለሌለው ሰው፣ ሕጉ እንዳይያዝ ከከለከለው በቀር ሌላ ንብረቱ ተከብሮ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። የገጠር መሬት ግን አይሸጥም።

ለማመልከት የሚያስፈልጉ፦
• የውሳኔው ትክክለኛ ግልባጭ
• ያልተከፈሉ ወራትና የገንዘቡ ዝርዝር
• የከፋዩ አድራሻ፣ መሥሪያ ቤት ወይም ንብረት

ዳኝነት ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ እንዲስተናገድ መጠየቅ ይችላል። የገቢ ወይም የኑሮ ሁኔታ ከተለወጠ መጠኑ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይፈቀድም። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ አለመስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያስቀጣል። ውዝፍ ሳይከማች ፈጥኖ ማመልከት የልጁን ጥቅም ያስጠብቃል።