የገጠር ጥበበኞችን ለማሠልጠን፦ ገንዘቡ ከየት ይገኛል? በምን ላይስ ይውላል?

በአገራችን ስለ ጥበብ ሲነሳ የአብዛኛው ከተሜ ዓይን የሚያርፈው በአዲስ አበባ ጋለሪዎችና መድረኮች ላይ ነው። ይሁን እንጂ ለበዓል የምንለብሰው ሸማ፣ ቡና የምናፈላበት ጀበና፣ እንጀራ የሚቀርብበት መሶብ በብዛት የገጠር ባለሙያዎች የእጅ ሥራ ውጤቶች ናቸው። እነዚህን ባለሙያዎች በአጫጭር ሥልጠናዎች ለማገዝ መንግሥትም፣ ለጋሽ ድርጅቶችም ገንዘብ ያወጣሉ። በዚህ ጽሑፍ ገንዘቡ ከየት ሊገኝ እንደሚችል፣ በበጀቱ ውስጥ ምን መካተት እንዳለበትና ሕጉ ምን እንደሚል በአጭሩ እንመለከታለን።

ሥልጠናው ለምን አስፈለገ?

የሸማኔነት፣ የሸክላ ሠሪነትና የቀጥቃጭነት ሙያ በአገራችን ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ስለዚህ የገጠሩን ባለሙያ የሚያንሰው የእጅ ጥበብ አይደለም። የሚያንሰው ምርቱን በአንድ ወጥ መጠን መሥራት፣ የማይለቅ ቀለም መምረጥ፣ ወጪን አስልቶ ዋጋ መተመንና ያለ ደላላ ገዢ ማግኘት ነው። ሥልጠና ፋይዳ የሚኖረው በእነዚህ ላይ ሲያተኩር ነው።

ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ የጋሞ ደጋማ አካባቢ ታሪክ ይመሰክራል። ከዶርዜና ከአጎራባች መንደሮች የወጡ ሸማኔዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ወደ አዲስ አበባ ፈልሰው እንደ ሽሮ ሜዳ ያለ የሸማ ገበያ እንዲደራ አድርገዋል። በሌላ በኩል ግን ለሽመና ሥራ ወደ ከተማዋ የመጡ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀው ረጅም ሰዓት መወርወሪያ ይዘው እንደሚውሉ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በመንደሩ ሳለ ከሙያው በቂ ገቢ የሚያገኝ ሸማኔ ልጁን ለዘመድ አደራ ብሎ ወደ ከተማ የመላክ ግዴታው ይቀንሳል።

የገንዘብ ምንጮች

የመጀመሪያው መንግሥት ነው። በ2014 ዓ.ም. በተደረገው የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት የባህልና ስፖርት ሚኒስቴርና የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ለየብቻ ተቋቁመዋል። የጥበብ ሥልጠና ሁለቱንም ስለሚመለከት አንዱን ብቻ ማንኳኳት አይበቃም። በቅርብ ያለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም ቦታና አሠልጣኝ በመስጠት ወጪ ሊቀንስ ይችላል።

ሁለተኛው የውጭ ድጋፍ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ያጸደቀውን የባህላዊ መግለጫዎች ብዝኃነት ስምምነት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ተቀብላለች። በስምምነቱ መሠረት የተቋቋመው የባህል ብዝኃነት ዓለም አቀፍ ፈንድ በማደግ ላይ ካሉ አባል አገሮች ለሚቀርብ ፕሮጀክት እስከ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ይሰጣል። አመልካቹ ግን የመንግሥት ተቋም ወይም መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት እንጂ ግለሰብ ሊሆን አይችልም። ስለሆነም ያልተደራጀ ባለሙያ ገንዘቡ ቢኖርም አይደርሰውም።

ሦስተኛው የአካባቢው አቅም ነው። ዕቁብና የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አሠልጣኝ ባይቀጥሩም፣ ሥልጠናው ካበቃ በኋላ ክርና ቀለም መግዣ ሊሆኑ ይችላሉ።

በበጀት የሚዘነጉ ሦስት ነገሮች

አንደኛ፣ የባለሙያው የሥራ ቀን። 20 ሸክላ ሠሪዎችን ለ5 ቀናት መሰብሰብ 100 የሥራ ቀናትን መውሰድ ማለት ነው። ከእጅ ወደ አፍ ለምትኖር እናት አንድ የገበያ ቀን ማለፍ የሳምንት አስቤዛ ማጣት ነው። ስለዚህ የቀን ማካካሻና የሕፃናት ማቆያ በበጀቱ መካተት አለባቸው። ጊዜውም ይታሰብበት። ሸክላ ደርቆ በእሳት የሚበስል በመሆኑ ክረምት አይመችም፤ ሸማኔ ደግሞ እንቁጣጣሽ፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረቡ ሥራ ይበዛበታል።

ሁለተኛ፣ ጥሬ ዕቃ። አዲስ ቀለም አነካክ የተማረ ሸማኔ ቀለሙን በወረዳው ገበያ ካላገኘው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የመነሻ ዕቃ መስጠት፣ ከዚያም መግዣውን ቦታ ማገናኘት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ክትትል። ለ9 ተከታታይ ቀናት ከማሠልጠን ይልቅ፣ በየሦስት ወሩ ለ3 ቀናት ሦስት ጊዜ መመለስ ይሻላል። ባለሙያው የሞከረውንና ያልተሳካለትን ይዞ ይመጣልና። የአሠልጣኙ የትራንስፖርት ወጪ እርግጥ ይጨምራል።

ሕጉ ምን ይላል?

በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጎ ነበር። በአፈጻጸም መመሪያውም ለሥልጠና የሚወጡ የጉዞና የአበል ወጪዎች በአስተዳደር ሥር ይቆጠሩ ስለነበር ብዙ ቅሬታ አስነስቷል። እሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢያደርግም፣ አስተዳደራዊ የሚላቸው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዙትን እንደ ቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያና የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ ያሉትን ነው። የክትትል ጉዞን ሕጉ ይከለክለዋል በሚል ከበጀት ማውጣት እንግዲህ ምክንያት አይሆንም። አዋጁ ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩም ስለሚፈቅድ፣ የሠልጣኞችን ምርት መሸጫ ሱቅ መክፈት የሚታሰብ ነገር ነው።

ከአንባቢ የሚጠበቀው

ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ውስጥ በድርጅት ቦርድ የሚቀመጡ፣ ፕሮፖዛል የሚገመግሙ፣ ሒሳብ የሚመረምሩ ጥቂት አይደሉም። የሒሳብ ባለሙያ በሁለት ቅዳሜ የወጪና የዋጋ ስሌት ሊያስተምር፣ የሕግ ባለሙያ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ሊያረቅ ይችላል። የሥልጠና ሪፖርት በእጃችሁ ሲገባ ደግሞ ስንት ሰው እንደሠለጠነ ብቻ አትጠይቁ። ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በተማረው እየሠራ እንደሆነና አንዱን ጀበና ዛሬ በስንት እንደሚሸጥ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ገንዘቡ ያለቀው በአዳራሽ ኪራይና በሻይ ቡና ሊሆን ይችላል።