ማረሻውን ወደን፣ ቀጥቃጩን ጠልተን

ወዳጆቼ፣ የብረት ታሪክ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ባቡርና ፋብሪካ ነው። እኛ አገር ግን ብረት የቆየ ነገር ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኖባ ዘመቻው ባስቀረጸው ጽሑፍ ከምርኮው መካከል ብረትን ይቆጥራል።

ገበሬ በሬና ሞፈር ቢኖረው ያለ ማረሻ አያርስም። ማረሻውን ወናፍ እየነፋ የሚሠራለት ቀጥቃጩ ነው። ታዲያ ውለታውን በምን መለስን? «ጠይብ»፣ «ቡዳ» በማለት! ከሱ ጋር አንጋባም አልን።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውንም ሸማኔውንም በሙያው መስደብ ከለከሉ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ሠሪውን የሚሰድብ አገር የሌላውን ሥራ ሲገዛ ይኖራል። የጅቡቲን ሀዲድ ፈረንሳዮች ዘረጉልን። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ ከኛው ሰበታ የሚነሳውን ደግሞ ቻይናዎች።

አዋጁ 100 ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን አልሞተም። የአባቱን ሙያ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋ ተማሪ በዓይኔ አይቻለሁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ሰበታና ቡራዩ ብየዳ ቤት የከፈታችሁ፣ ኮራ በሉ! ሌሎቻችን ደግሞ ያንን ቃል ለልጆቻችን አናውርስ።