ማሊያ ላይ የማይጻፍ

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነበር፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን ፑማ ተጫምቶ ሮጠ። እያደር የሯጭ ልብስ የኩባንያ ሰሌዳ ሆኖ አረፈው። ኦሎምፒክ እንኳ፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄው እያለ፣ በደንብ ቁጥር 50 የልብስ አምራቹን ምልክት በልኩ ይፈቅዳል። የፖለቲካ ተቃውሞን የሚከለክለውም፣ ልብ በሉልኝ፣ ይኸው ደንብ ነው።

ኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ውስጥ ተማሪዎች በጭሊሞ ደንና በኳስ ሜዳ ሰበብ ያስነሱት ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ። ብዙ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን የጊንጪ ጎረቤት የጀልዱ ልጅ፣ ፈይሳ ሌሊሳ፣ ሪዮ ላይ ማራቶን ሁለተኛ ወጣ። ማሊያው ላይ ለጨርቅ ሠሪው እንጂ ለአገር ቤቱ ሐዘን ቦታ የለም፤ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ሜዳሊያውን አልተነጠቀም። አገሩ የተመለሰው ግን ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው።