የሻላ ፔሊካኖች የመራቢያ ወቅት ጥናት

በስምጥ ሸለቆ በሚገኘው የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ በሚራቡት ነጭ ፔሊካኖች ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተካሄደ የመስክ ምርምር ነው። ያካሄዱት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አሜሪካዊው ኤሚል ኧርባንና በኬንያ ይኖሩ የነበሩት ሌስሊ ብራውን ሲሆኑ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1969 አይቢስ በተባለው የብሪታንያ የአእዋፍ ጥናት መጽሔት ታትሟል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ የኢትዮጵያን አእዋፍ ዝርዝር አዘጋጅተው በዚያው ዩኒቨርሲቲ በኩል አሳተሙ።

ፔሊካን እንደ ብዙዎቹ የባሕር ወፎች በመንጋ ተጠጋግቶ መሬት ላይ ይፈለፍላል። ስለዚህ ጅብና ቀበሮ የማይደርሱበት ደሴት ያስፈልገዋል። ሻላ ደሴት አለው፤ ነገር ግን ውኃው 266 ሜትር ድረስ ጥልቅና ሶዳማ በመሆኑ ዓሣው ያን ሁሉ መንጋ አይቀልብም። ወላጆቹ ለዓሣ ወደ ጎረቤቱ አቢያታ ሐይቅ ይመላለሱ ነበር። ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን የሚችል ወፍ ክንፉን ብቻ እያራገበ ሩቅ መሄድ ስለሚከብደው፣ ፀሐይ ምድሩን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ጠብቆ በዚያ እየተንሳፈፈ ይጓዛል። አንድ ጎልማሳ ፔሊካን በቀን አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ዓሣ ይበላል፤ ጫጩት ሲኖረው ደግሞ ለእሷም ይዞ ይመለሳል።

እንስቷ ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። እናትና አባት እየተፈራረቁ አንድ ወር ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጎጆ ወጥተው በአንድነት ይከማቻሉ፤ ለመብረር ግን ከሁለት ወር በላይ ይወስድባቸዋል። በእነዚህ ወራት ተመራማሪው ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ሰው ሲጠጋ ወላጆቹ ይነሣሉ፤ እንቁላሉ ለፀሐይ፣ ለጥንብ አንሳና ለአባ ኮዳ ይጋለጣል። ስለሆነም ቆጠራው ከሩቅ በመነጽር ቢደረግ፣ መቅረብ ግድ ከሆነም ሙቀቱ ሳይበረታ ቶሎ ቢመለሱ ይመረጣል። ጥቂት ቁጥር ሳይሟላ ቢቀር፣ አንድ ወቅት ሙሉ ጫጩት ከሚጠፋ ይሻላል።

ከጥናቱ በኋላ የመጣው ነገር የሚያሳዝን ነው። ወደ አቢያታ የሚገባው ውኃ ለመስኖ ተጠልፎ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ እየተቀዳ፣ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣውም አለቀ። ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቢሆኑም፣ ደሴቱ ብቻውን ወፉን ሊያቆይ አልቻለም። ጎጆውና ማዕዱ የተለያየ ቦታ ላለው እንስሳ ጥበቃው ሁለቱንም መያዝ ነበረበት።

በሌላ ሐይቅ ተመሳሳይ ጥናት ሲታሰብም ጎጆውንና ማዕዱን አብሮ ማየት ይገባል። በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው፣ ስሙም «ሐይቅ» የሆነው ሐይቅ፣ ከአምባሰል ተራሮች ግርጌ፣ ከሻላ በብዙ ይለያል። ውኃው ጨው አልባ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ከተለቀቀበት ወዲህም የዓሣ ሀብቱ ለአካባቢው ሰው መተዳደሪያ ሆኗል። የጎደለው ደሴት ነው። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ምድር ቀድሞ በውኃ የተከበበ ነበር፤ ሐይቁ ሲሸሽ ግን ከየብስ ጋር ተያይዟል። በመሬት ላይ ለሚፈለፍል ወፍ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በዚህ ሐይቅ የመራቢያ ጥናት ለማድረግ የሚያስብ ሰው ደሴት ስለሌለ፣ ቀድሞ ማየት ያለበት ወፎች ጎጆ ሊሠሩበት የሚችሉትን የዳርቻውን ፊላና ዛፍ ነው፤ ወቅቱንም ከዓሣ አጥማጆቹ ይጠይቅ፤ ጀልባቸው በየማለዳው በዚያ ያልፋልና።