የሻምበል አበበ ቢቂላ ክብር ከሩጫው በኋላ

ሰው ጉልበት ሳለው የሚያመሰግነው ብዙ ነው፤ ጉልበቱ ከደከመ በኋላ የሚያከብረው ግን ጥቂት ነው። የሻምበል አበበ ቢቂላ ታሪክ ከዚህ ልማድ የተለየ ስለ ሆነ፥ ድሉን ብቻ ሳይሆን ከድሉ በኋላ የኖረውንም ኑሮ መመልከት ይገባል።

አበበ በ1924 ዓ.ም. በሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ፤ በጕልማስነቱም የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቀዳሚ ሆነ። ይህ ርቀት ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ ተመልሶ ወደ ደሴ እንደ መውጣት ያህል ነው።

የሮማው ድል ከጨዋታ ድል በላይ መቈጠሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ሩጫው ያለፈው ከአክሱም ተወስዶ በዚያን ዘመን በሮማ በቆመው ሐውልት አጠገብ ነበር። ደሴም ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ቦምብ የጣሉባት ከተማ ናትና፥ ጫማ ያላደረገ የኢትዮጵያ ወታደር በሮማ አደባባይ መቅደሙ ምን ማለት እንደ ነበረ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶክዮ፥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንት በኋላ፥ እንደ ገና አሸነፈ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከዓለም የመጀመሪያው እርሱ ነው። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩን ታሞ ውድድሩን አቋረጠ፤ ድሉንም ወገኑ ማሞ ወልዴ ወሰደ።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን፥ ከቶክዮ ድል በኋላ የተሸለመውን ቮልስዋገን ሲነዳ መኪናው ተገለበጠ። ዓለም ያደነቃቸው እግሮችም ከዚያ ወዲያ ቆመው አልሄዱም። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ብዙ ወራት ታከመ፤ መዳን ግን አልተቻለም።

አበበ ግን በቤቱ ተሸሽጎ አላለቀሰም። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በበረዶ ላይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲታይ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። የዚያ ጊዜ የማራቶን አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም መዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ ወንበሩ ሄዶ እጁን ጨበጠ። ቆሞ የሮጠው ተቀምጦ ላለው እጅ ሲነሣ ማየት የታላቅ ክብር ምስክር ነው።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱ ከብዙ ሺሕ ሕዝብ ጋር ተገኙ፤ ለአገሩም የሐዘን ቀን ታወጀ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሯጭን አክሊል ከሚጠፋው ነገር ቈጥሮታል። አበበም ይህን በገዛ አካሉ አየው፤ እግሩ ሄደ፥ የተሸለመው መኪና ራሱ መሰናክል ሆነው። ሳይጠፋ የቀረለት ትዕግሥቱ ነው። የቀድሞ አሸናፊዎቻችንን ጉልበታቸው ሲያልቅ የምንረሳ ከሆነ፥ ያጨበጨብነው ለእግራቸው እንጂ ለሰውነታቸው አልነበረም ማለት ነው።